የግራጫው ወንዝ ጠባቂ

ሙዚየም ባለበት ከተማ ሁሉ ጥግ ላይ አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይም ሹራብ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። ዳይሬክተር ይሾማል፣ ይሻራል። እሷን የሚነቀንቃት የለም።

የእኛዋ፣ የቮልጋ ወንዝ ዳሯ፣ ክብርት ካፒቶሊና ሳቪሽና ናቸው። ግዛታቸው አንድ ክፍልና አንድ ሥዕል ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ ግራጫ ወንዝ፣ የታሰረ ባዶ ጀልባ፣ ማዶ ደግሞ መብራት ያላት አንዲት መስኮት። ወደ ግዛታቸው የሚገባ ሁሉ፣ ወለሉ እንዳይጫር፣ ጫማው ላይ የሚያጠልቀውን የሱፍ ጫማ ከእጃቸው ይቀበላል። ቢሰፋም ቢጠብም ይግባኝ የለም።

"ራቅ ይበሉ! ሐዘን አፍንጫ አስጠግተው አያዩትም!" ይላሉ ወደ ሥዕሉ የተጠጋውን ሁሉ።

አንድ ጊዜ አንዲት ሙሽራ "እንዴት ደስ የሚል ጸጥታ ነው!" ብላ አመለጣት።

"ጸጥታ? ሊዘንብ ነው እንጂ! ያሰጣሽው ልብስ ካለ ሮጠሽ አስገቢ፣ የኔ ልጅ!"

ሙሽራዪቱ እውነት መስሏት በመስኮት ሰማዩን አየች።

የምትዳፈራቸው ባለቤቴ ግላፊራ ብቻ ነበረች። እሑድ እሑድ ያው ክርክር ነው።

"ሥዕሉ ንጋት ነው። የዚያ ቤት ሰውዬ ዓሣ ሊያጠምድ ተነሥቶ መብራት አበራ" ትላለች ግላፊራ።

"ምሽት ነው፣ ግላፊራ ኒኪቲችና! ይሄን ወንዝ ጧት ማታ ሳየው ነው ያረጀሁት።"

"እንግዲያው በደንብ አላዩትም። መነጽር ይግዙ!"

"እርስዎ ደግሞ ባል ይግዙ! ያለዎት ቆሞ አንቀላፍቷል።"

በመጋቢት፣ የወንዙ በረዶ ሲሰነጠቅ፣ ግላፊራን ቀበርን። የአርባዋ ዕለት ከመቃብር ስመለስ እግሬ ወደ ሙዚየሙ መራኝ። የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ እሷ ታየው የነበረውን ንጋት አንድ ጊዜ ማየት።

ካፒቶሊና ሳቪሽና እንደ ልማዳቸው ሁለት ጥንድ የሱፍ ጫማ አቀረቡ። ወደ ጎኔ ተመለከቱ። ከዚያ ሁለተኛውን ጥንድ ቀስ ብለው አነሡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ራቅ ብዬ አየሁት። ቀረብ ብዬም አየሁት። ምሽት ነው። መስኮቷም አስታማሚ ያበራት ትመስላለች።

ከኋላዬ አንድ እንግዳ፣ "መሽቷል፣ አይደል?" አለ።

"ምን መሸ!" ካፒቶሊና ሳቪሽና ከወንበራቸው ተነሡ። "ንጋት ነው እንጂ! ሰውዬው ዓሣ ሊያጠምድ ተነሥቶ ነው። በደንብ አላዩትም፣ መነጽር ይግዙ!"

አሁንም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። እሳቸው ንጋት ነው ይላሉ። ለእኔ መሽቷል፤ አልነገርኋቸውም።