ከምሳ በፊት የተሸኘችው ሙሽራ

ሰርግ የሚያበላሸው ዝርክርክ ሰው ነው ያላችሁ ማን ነው? ውሸት ነው! ዝርክርክ ሰው ቢበዛ አርፍዶ ይመጣል፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ሁለት ጠርሙስ ይሰብራል… በቃ። ሰርግን አፈር ድሜ የሚያበላው ሥርዓት ወዳዱ ነው። ከየት አመጣኸው አትበሉኝ። ሥርዓት ወዳዱ እኔ ነኝ።

ነገሌ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። ፋይል ስደረድር ጸጉሬ ሸብቷል። ጠማማ ፋይል ካየሁ ምግብ አይወርድልኝም። ሚስቴ ሎኮ፣ “አንተ እኮ ስትሞት መቃብርህን በቁጥር ካላደረጉልህ ትነሣለህ” ትለኛለች። እሷ እዚሁ ነገሌ የተወለደች የቦረና ልጅ ናት፤ ነገር ስትወረውር አትስትም።

ባለፈው ዓመት የሎኮ ታናሽ እህት ጫልቱ ልትዳር ሆነ። አማቴ ኦቦ ገልገሎ አስጠሩኝ። ሌሎቹ ዘመዶች ፍየል ግዛ፣ ድንኳን ትከል፣ ውኃ አስመጣ ተብለዋል። እኔን ግን በእጄ ሥራ እንደማላውቅ ስለሚያውቁ፣ ቀለል ያለውን ነው የሰጡኝ።

“ካንተ ሌላ ምንም አልፈልግም። ዘፈኑን ብቻ ያዝ” አሉኝ። “ጉልበቴን እንደምታውቀው ነው። ከጓሮ እስከ በር ለመድረስ ጊዜ ይፈጅብኛል። ሦስተኛው ሲዲ ሊያልቅ ሲል መራመድ እጀምራለሁ፤ አራተኛው ሲጀምር በር ላይ ሆኜ መርቄ እሸኛታለሁ። የመጨረሻ ልጄ ናት።”

“አንቱ ምንም አያስቡ” አልኳቸው። አያስቡ ማለቴ!

ስለ አራቱ ሲዲዎች ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ድሮ ሰፈራችን ውስጥ ዘፈን ቤት የነበረው ሰውዬ ከዚህም ከዚያም፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም፣ ከሞያሌ ማዶ የመጣውንም ለቅሞ አራት ሲዲ አዘጋጀ። አንደኛው የሙሽራው ወገን ሲገባ፣ ሁለተኛው ምሳ ሲበላ፣ ሦስተኛው ሲጨፈር፣ አራተኛው ሙሽራ ስትሸኝ የሚከፈት ነው። በእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ዘፈን። እሱ ዘፈን ቤቱን ዘግቶ ሞባይል ጠጋኝ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰፈራችን ግን ያለ አራቱ ሲዲዎች ልጅ ድሮ አያውቅም። እመኑኝ፣ በሰርግ ቀን የሚናገር ሰው የለም! “ምሳ ቀርቧል” የሚል የለም። “እንሂድ” የሚል የለም። የሁለተኛው ሲዲ የመጀመሪያ ዘፈን ሲጀምር ድስት ይከፈታል። የአራተኛው ሲጀምር ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ሹፌሩ ጉዮ ሞተር ያስነሣል። ሕዝቡ በዘፈን ተገርቷል።

እኔስ ምን ነካኝ? ሲዲዎቹን እያቀያየርኩ ማጫወት አነሰኝ! “ይሄማ ተቧጭሮ ያልቃል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ በወግ በወጉ መቀመጥ አለበት” አልኩ። አንድ በአንድ ከተትኳቸው። ፕሮግራሙ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አርባ ስምንቱን ዘፈን በየዘፋኙ በትኖ ሠላሳ ምናምን ፎልደር ሠራልኝ! አራት ሲዲ አስገብቼ አንድ ቀበሌ ሕዝብ ወጣ። “ስብስብ ነው እኮ! የአንድ ሰርግ ሰዎች ናቸው!” ብዬ ጮኽኩበት። ይሰማል ብላችሁ ነው?

ከቢሮ ስመለስ ሦስት ቀን ሙሉ ተፋለምኩ። በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ የአልበም ስም “የሰፈር ሰርግ”፣ የአልበሙ ዘፋኝ “ልዩ ልዩ” ብዬ ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተሰብስበው አንድ አልበም ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሚጢጢ ባዶ ሣጥን ቀረች… “የዲስክ ቁጥር” ትላለች፤ ዘፈኑ ከስንተኛው ሲዲ እንደመጣ የሚሞላባት። አየኋት። ናቅኋት። ሁሉም አንድ አልበም ከሆነ ወዲያ የምን ዲስክ ነው? ዘለልኳት።

በዘፈን ቁጥር የተደረደረውን ዝርዝር ሳየው እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ሎኮን ጠራኋት።

“ነይ እይ! አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ… ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት… ሰልፍ ነው የሚመስለው!”

“አራት አንድ ምን ያደርጋል?”

“ሥርዓት ነዋ!”

“ሲዲዎቹስ የት ሄዱ?”

“ዶሮ ቤቱ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ሲያብረቀርቁ ጭልፊት ያባርራሉ።”

ሎኮ አንዴ እኔን፣ አንዴ ዶሮዎቹን አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

የሰርጉ ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ የሙሽራው ወገን ከአሬሮ ደረሰ። ከጎህ ጀምሮ መንገድ ላይ የዋሉ ናቸው፤ አቧራው ከቅንድባቸው አልተራገፈም። እኔ በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ እንደ ዳኛ ተሰይሜያለሁ። ተጫንኩት። የመቀበያው ዘፈን አንደኛ! እልልታ ቀለጠ። አማቴ ጓሮ ሆነው ሥጋው እንዳያርር ይቆጣጠራሉ።

ዘፈኑ አለቀ። ቀጥሎ የመጣው የምሳው የመጀመሪያ ዘፈን ነው። እንግዶቹ ገና ወንበር አልያዙም። ሴቶቻችን ግን ዘፈኑን ሰሙ፤ ከሰሙ ደግሞ ሰሙ ነው! ድስት ሁሉ በአንዴ ተከፈተ። የአሬሮዎቹ እጅ ላይ፣ በቆሙበት፣ ሩዝና የፍየል ሥጋ የተቆለለበት ሳህን ተቀመጠ።

እነሱ አንድ ጉርሻ ሳይውጡ የጭፈራው መጣ። ሰፈርተኛው ብድግ! ሳህን በአንድ እጅ፣ ዝላይ በሁለት እግር። አንድ ሽማግሌ ሲዘሉ የያዙት የጎድን አጥንት ሙሽራው ትከሻ ላይ አረፈ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንሥቶ በሁለት እጁ መለሰላቸው። እና እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ምን እያሰብኩ ነበር መሰላችሁ? “ምነው ሰው ዛሬ ቸኮለ?” እያልኩ!

አራተኛው ዘፈን… የመሸኛው የመጀመሪያ! ሴቶቹ አፋቸው ውስጥ ሥጋ እንዳለ ማልቀስ ጀመሩ። ጉዮ ሞተሩን አስነሣ። ሚዜዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ፤ የነገሌ ልማድ እንዲህ ይሆናል ብለው ሙሽራዋን አቅፈው መኪና ውስጥ አስገቧት። ከገቡ ሃያ ደቂቃ አልሞላቸውም!

ያኔ ገባኝ። ያቺ ሚጢጢ ሣጥን ባዶ ብትቀር የአራቱም ሲዲ አንደኛ ዘፈኖች ተከታትለው ተሰልፈዋል! ላጠፋው ስል የተሳሳተ ቁልፍ ተጭኜ ወደ ቀጣዩ አሳለፍኩት፤ የመቀበያው ሁለተኛ ዘፈን ወጣ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠርገው፣ የምትሄደውን መኪና በእልልታ ተቀበሏት። ሎኮ ሮጣ መጥታ ሶኬቱን ነቀለችው።

ኦቦ ገልገሎ በዱላቸው እያነከሱ ከጓሮ ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ አቧራ ብቻ ነበር።

“ማል ታኤ? ምን ሆነ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄስ?” አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ቁርስም አልበላችም ነበር” አሉ።

አንጀቴን በሉት። የዚያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ክራቫቴን አስተካክዬ ነበር የምገባላት።

ሎኮ ክንዴን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ወረወረችኝ። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ደረስንባቸው፤ ምስጋና መንገዱን ለዘጋው ገመድ! ጉዮ መሪውን እንደያዘ አገኘሁት።

“አንተ ሰው! ሙሽራ ምሳ ሳትበላ ይዘህ ትወጣለህ?”

“ወላሂ እኔ ምን አጠፋሁ? ዘፈኑ ውጣ አለኝ፣ ወጣሁ!”

ኋላ ወንበር ላይ ጫልቱ ኩሏ ጉንጯ ድረስ ወርዶ ተቀምጣለች። “አባቴ በር ላይ አልነበረም” አለችኝ። “ሳይመርቀኝ ነው የሄድኩት። ምን አስቀይሜው ነው?”

እንዴት አድርጌ ልንገራት? ስለ አልበም ስም፣ ስለ ልዩ ልዩ ዘፋኞች፣ ስለ ባዶዋ ሣጥን እዚያው ጸሐይ ላይ ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። የኬላው ዘበኛ ገመዱን እንደያዘ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠኝ፤ ከዚያ፣ “እና ጌታዬ፣ አራቱንም አንድ ካልካቸው በምን ይለያሉ?” አለኝ።

እኔ በሦስት ቀን ያልገባኝ ለዘበኛው በሦስት ደቂቃ ገባው!

ተመለስን። ምሳ እንደ ሰው ተቀምጦ ተበላ፣ ጭፈራውም በአፍና በጭብጨባ ደመቀ። ኦቦ ገልገሎ፣ “ያንን ዕቃ ዛሬ የሚያስነሣ ዓይኔን እንዳያይ!” ስላሉ ኮምፒውተሩ አልተነካም። እሳቸው ራሳቸው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ሽንት ቤት እንኳ አልሄዱም፤ እንደገና እንዳታመልጣቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገባች። አባቷ ተነሥተው ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ይዘው ለማልቀስ ተዘጋጁ። ጉዮ ግን ሞተር አላስነሣም።

“ምን ትጠብቃለህ?” አልኩት።

“ዘፈን” አለ። “ቅድም በዘፈን ወጥቼ ይሄው ተሰደብኩ። ያለ ዘፈን ብወጣማ ምን ልባል ነው? አልንቀሳቀስም!”

ሴቶቹም ያለ ዘፈኑ እንባው እምቢ አላቸው። መቶ ሰው ተገትሮ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ሎኮም ዞረች። በኦሮምኛ አንዲት ቃል ጣል አደረገች፤ አልተረጉምላችሁም፣ ብቻ “ዝፈን” ማለቷ ነው።

ወገኖቼ፣ እኔ ስዘፍን እሰማለሁ ብላችሁ አትመኙ። ኦሮምኛዬ የቢሮ ነው፣ ድምፄ ደግሞ የዛገ የበር ማጠፊያ። ክራቫቴን ላላ አድርጌ የአራተኛውን ሲዲ የመጀመሪያ ዘፈን ጀመርኩ። ሁለት ስንኝ እንደሄድኩ ግጥሙ ጠፋኝ፤ የምሳውን ግጥም ከተትኩበት። “እናትሽን አትርሺ” ብዬ “ሥጋ ጨምሩልኝ” ላይ ደረስኩ!

መጀመሪያ የሳቀችው ጫልቱ ናት። ከዚያ ሚዜዎቹ፣ ከዚያ ለማልቀስ የተዘጋጁት ሴቶች በሙሉ። ኦቦ ገልገሎ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ራሷ ላይ ጫኑና፣ እየሳቁም ቢሆን ምርቃቱን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ አወረዱት። “ናጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ” አሏት። እሷም ጥርሷ እንደታየ ሄደች።

አቧራው ከተኛ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

“ሎኮን ስሸኝ እሷም ስታለቅስ፣ እኔም ሳለቅስ ፊቷን በደንብ ሳላየው ሄደች” አሉ። “ዛሬ የልጄን ፊት አየሁ። እየሳቀች። አንተ ባትዘፍን አላየውም ነበር።”

ዓይኔን እንባ ሞላው።

“ሌላ ሴት ልጅ ብትኖረኝ” ቀጠሉ ትከሻዬን ይዘው፣ “እሷንም ስድር አንተን ነበር የማዘፍንህ።”

ከዚያ የቅድሙን ድምፄን አስታወሱት መሰለኝ፣ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ።

“ቢሆንም… እንኳንም አልኖረችኝ!”