ምርጫው በስልክ ነው

(የገበያ አዳራሹ ደረጃ ሥር፣ ሞባይል ጥገና ቤት። ነጋዴዎቹ ዛሬ የማኅበራቸውን ሊቀ መንበር በስልክ እየመረጡ ነው። ጠጋኙ፣ ሰው ሁሉ ኢንጂነር የሚለው፣ ዕጩ ነው። ተፎካካሪው ፎቶ አንሺ ከተመረጠ ይቺን ቦታ ነጥቆ ወደ ምድር ቤት ሊያወርደው ዝቶበታል። ልብስ ሰፊው፣ የሚስቱ ወንድም፣ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ቆይቷል፤ አልገባኝም ማለቱን ግን አልተወም።)

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ ነካሁት እንበል። ሳጥኑ የት ነው ያለው?

ኢንጂነር፦ ሳጥን የለም አልኩህ እኮ። ሰልፍ የለም፣ ግፊያ የለም። አልጋህ ላይ ተጋድመህ ትመርጣለህ።

ልብስ ሰፊው፦ አልጋዬ ላይማ ሚስቴ አለች።

ኢንጂነር፦ ብትኖርስ?

ልብስ ሰፊው፦ ሳጥኑ መጋረጃ ነበረው። ከተጋባን ወዲህ አንድ ነገር ብቻዬን የወሰንኩት እዚያ መጋረጃ ውስጥ ነው። ዛሬ ግን "እስቲ አሳየኝ" እያለች ትከሻዬ ላይ ቆመች።

ኢንጂነር፦ ዞር ብለህ አትነካውም?

ልብስ ሰፊው፦ ሌባስ ቢገባበት?

ኢንጂነር፦ ሌባ ከየት ይመጣል? ለእያንዳንዱ ሰው የሚስጥር ቁጥር በገዛ ስልኩ ይላክለታል። ስልክህ እጅህ ላይ እስካለ ማንም አይነካህም።

ልብስ ሰፊው፦ እጄ ላይ ከሌለስ?

ኢንጂነር፦ በዚህ ዘመን ስልኩን ከእጁ የሚለይ ማን አለ? አንተ ደግሞ።

(መሳቢያው "ጢን" አለ። ኢንጂነር ጆሮም አልሰጠው።)

ልብስ ሰፊው፦ ለመሆኑ ማን ነው አንተን የሚመርጥህ?

ኢንጂነር፦ ደንበኞቼ ናቸዋ። ጫማ ሻጩ፣ ሰዓት አዳሹ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ። ከእኔ ሌላ ማን አላቸው?

(ጢን፣ ጢን።)

ልብስ ሰፊው፦ ሴቶቹማ ትናንት ስልካቸውን ይዘው መጥተው ነበር።

ኢንጂነር፦ አዎ፣ ትታችሁት ሂዱና ነገ ኑ ብያቸው...

(መሳቢያውን ሳበው። ደጋፊዎቹ በሙሉ እዚያ ተደርድረዋል፤ ገሚሶቹ ባትሪያቸው ወልቋል፣ ገሚሶቹ "እስካሁን አልመረጡም" እያሉ ያበራሉ።)

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ቁጥሩ እጅህ ላይ አይደል? አንተው ምረጥላቸው።

ኢንጂነር፦ ሌባ ልታደርገኝ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ሌባ ከየት ይመጣል ብለህ የለ?

ኢንጂነር፦ (እየተጣደፈ ብሎን ያስራል) ዝም በልና ይቺን ለጫማ ሻጩ አድርስ።

ልብስ ሰፊው፦ ምርጫው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ሳጥን ቢሆን በእግራቸው ይመጡ ነበር። ይልቅ አንተ እንኳ ራስህን ምረጥ።

(ኢንጂነር ኪሱን ዳበሰ፤ ጠረጴዛውንም። ከዚያ ቁጭ አለ።)

ኢንጂነር፦ ጠዋት አንድ ሰው ስክሪኔ ተሰበረ፣ ሳልመርጥ ልቀር ነው ብሎ መጣ። መለዋወጫ አልነበረኝም። ኢንጂነር አቃተው እንዳይባል የራሴን ነቅዬ ገጠምኩለት።

ልብስ ሰፊው፦ ለማን?

ኢንጂነር፦ ለፎቶ አንሺው።

(ልብስ ሰፊው ለመሳቅ ፈልጎ የእህቱን ባል ፊት ሲያይ ተወው።)

ልብስ ሰፊው፦ እኔስ መርጫለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ።

ኢንጂነር፦ አንተ ነህ ወንድም ማለት። ማንን መረጥክ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ሚስጥር ነው። ምድር ቤቱን ግን ጠዋት ወርጄ አይቼልሃለሁ፤ ደህና ነው፣ ውሃ አያስገባም።