የጥርስ ነቃዩ ጉጠትና የጂፔ ፍሬን

ሰው በመሣሪያው ይታወቃል። ቄስ በመስቀሉ፣ ገበሬ በሞፈሩ፤ እኔ ደግሞ፣ ይታወቅልኝ፣ በሰው መሣሪያ!

በጃንሆይ ዘመን እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ጂፕ የነበረኝ እኔ ነኝ። ጂፔ ስታልፍ ሰባት አገር ውሻ ይጮህ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ስምንት ነበር። የእህቴ ልጅ ወደ ወገዳ ስትዳር ሙሽራዪቱን በጂፕ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አባቷ አቶ ደምሌ፣ የበቅሎ ጌታ፣ ሳቁ፤ የኋላ ፍሬኔ ማለቁን ያውቃሉ። ልጄን ለገደል አልድርም፣ ዳገቱ ላይ ቆማ ካላሳየኸኝ በበቅሎዬ ትሄዳለች አሉኝ።

እኔ እሸነፋለሁ? በሠርጉ ጧት ጂፔን እዚያው ዳገቱ ላይ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርጌ በክሪክ አነሳሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ማን ሰምቶ! ጎማውን ፈታሁ፣ ታምቡሩን አወጣሁ፤ የፍሬኑ ሞላ ግን በፒንሳ ቢሉት በጥርስ ቢሉት አልላቀቅ አለ። ጥርስ ነቃዩን መርሻን አስጠራሁ። አጎንብሶ አየና ይኼማ መንጋጋ ነው ብሎ በጉጠቱ መነገለው። አዲሱን የፍሬን ሸራ በአንዱ የኋላ እግር ገጥሜ ልነሣ ስል አቶ ደምሌ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው፣ አንተ ሰው፣ ወይፈን ካሮጌ በሬ ጋር ትጠምዳለህ? አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ሁለተኛውንም ቀየርኩ። ማጥበቂያውንም በዚያው ጉጠት፣ ልክ ሞፈርና ቀንበር በምራን እንደማስር፣ እስኪያቃስት አጠበቅሁት። የእስቴ ሰው ላልቶ አያውቅም!

ዳገቱ ላይ ከጎማው ሥር ድንጋዩ ተነሣ። ጂፔ ንቅንቅ! አላለችም። እልልታው ቀለጠ፤ አቶ ደምሌም ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ሙሽራዪቱ ገባች፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ነዳጁን ረገጥኩ። አሁንም ንቅንቅ አላለችም።

ላላላው ብል መርሻ የለም። ጉጠቱን ይዞ የሰው መንጋጋ ሊነቅል ስማዳ ወርዷል። አቶ ደምሌ ልጃቸውን ከጂፑ አውርደው በቅሎ ላይ እያስቀመጡ፣ የኔዪቱ ፍሬን ባይኖራት መሄድ ታውቃለች አሉኝ።

በሳምንቱ መርሻ ጉጠቱን ይዞ መጥቶ ላላላልህ ቢለኝ ተቆጣሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ይፈርሳል? ሙሽራዪቱ ዛሬ ልጅ ድራለች፤ ፍሬኔ ግን እንደያዘ ነው።