አውስትራሊያዎቹን እንዴት እንደተቀበልናቸው

ስለ ሮክ ሙዚቃ እኔን ጠይቁኝ። ኧረ አትሳቁ! ሌላው ሰው ሰምቶ ያውቀዋል፤ እኔ ጠርጌ ነው የማውቀው። ኦስሎ፣ ብሪን የሚባል ሰፈር ውስጥ ድሮ ፋብሪካ የነበረ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። እዚያ ሳጸዳ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ወለሉን ብቻ አይቼ ማን ሲጫወት እንደዋለ እነግራችኋለሁ። የተረገጠ ብርጭቆ ከበዛ እንግሊዞች ናቸው። ብርጭቆው ተሰብስቦ ጥግ ላይ ከተደረደረ ስዊድኖች።

የአውስትራሊያዎቹ ግን ለብቻው ነው።

አራት ናቸው። የትንሹ ዕድሜ ስድሳ ይሆናል። በወጣትነታቸው አገራቸውን ያንቀጠቀጡ ነበሩ አሉ። ኋላ ሬዲዮው ረሳቸው፤ ጎረቤቱም «አሁንም ትዘፍናላችሁ እንዴ?» ይላቸው ጀመር። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላል የኛ ሰው። እነሱ ይህን ተረት አልሰሙም መሰለኝ፣ ጊታራቸውን ተሸክመው ግማሽ ዓለም አቋርጠው ኦስሎ ገቡ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ዘፋኙ ግሬግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልብስ መቀየሪያ ክፍላቸውን ላጸዳ ስገባ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። የእኔ እንግሊዝኛ የስደተኛ ካምፕ እንግሊዝኛ ነው፤ የእሱም ቃሉን ግማሹን የሚውጥ ነውና ተግባባን።

«ዛሬ ሰው ካልመጣ በቃን ተባብለናል» አለኝ። «ወደ ቤት ነው። ሁለተኛ መድረክ ላይ አንወጣም።»

«ይመጣል» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

የሚጀምሩት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጥቼ ባይ አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው! ከሰባቱም ሁለቱ ሽንት ቤት ፈልገው የገቡ ናቸው። ለካ ከበረዶው በኋላ የመጀመሪያዋ ፀሐይ የወጣችው በዚያን ቀን ነው። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ኖርዌጂያንን ጣሪያ ሥር ማስገባት? ድመትን ገላ ማጠብ ይቀላል።

የአዳራሹ ኃላፊ አርነ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ» አለኝ።

«እኔ እኮ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።»

«አዎ፣ አዎ፣ ግን ብዙ ሰው ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሴቶች እድራችን የሚሰበሰበው እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሰብሳቢያችን እትዬ የሺ ናቸው። ቬስትሊ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ኖርዌይ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሮጬ ወጣሁና፣ ታች እንግዶች መጥተው የሚቀበላቸው ሰው ጠፋ አልኳቸው።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከአውስትራሊያ።»

«ያን ሁሉ አገር አቋርጠው? እዚህ ዘመድ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ተነሱ!» አሉ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ትርሲት «ኧረ እትዬ፣ ሁዳዴ ነው! ዓለማዊ ዘፈን እኮ ነው!» አለች።

«ጾም ከሥጋ ነው እንጂ ከእንግዳ አይደለም» ብለው ዝም አሰኟት። ሃያ ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ደረጃውን ወረዱ።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ያ ዘፈን ነው? መብረቅ ነው እንጂ! እትዬ የሺ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሲያልቅ ኖርዌጂያኖቹ ሁለት ሁለቴ አጨብጭበው አቆሙ። የኛ ሴቶች ደግሞ ምን እንደሚደረግ አላወቁም፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። ግሬግ ጊታሩን ሊያወልቅ እጁን ወደ አንገቱ ሲሰድ አየሁት። አንጀቴን በላኝ።

ይሄኔ እትዬ የሺ ብድግ አሉና «እልልልልል!» ሃያ አምስቱ ተቀበሏቸው። የከበሮ መቺው ዱላ ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወቱ። ትርሲት ራሷ ሁዳዴውን ረሳችው፤ በኋላ ስንጠይቃት «ትከሻዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለች። ግሬግ መጨረሻ ላይ እያለቀሰ፣ በዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ የተቀበለን ሕዝብ የለም አለ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ የሺ። ተረጎምኩላቸው። «እሱስ ይሁን፣ ምሳ በልተዋል ወይ?»

ወር ሳይሞላ አርነ ስልኩን ይዞ መጣ። የአውስትራሊያ ጋዜጣ ነው። «ኖርዌይ ሰገደችላቸው» ይላል። የኖርዌይ ሴቶች ከቫይኪንግ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልዩ የደስታ ጩኸት አላቸው፤ የሚያሰሙትም ለታላቅ ሰው ብቻ ነው ይላል። ፎቶው ላይ መድረኩ ነው ያለው፤ እኛ ያለንበት ጨለማ ነው። አገራቸው ይህን አንብባ ደነገጠች። ሬዲዮው መለሳቸው፣ ጎረቤቱም አከበራቸው።

«ጻፍና አስተካክላቸው እንጂ!» አልኩት አርነን።

«ለምን? ቆንጆ ታሪክ ነው» አለኝ።

ወሬው ዞሮ ኖርዌይ ደረሰ። ኖርዌጂያኖቹ «እንዲህ ያለ ባህል ነበረን እንዴ? እንዴት ረሳነው?» ብለው ተቆጩ። ኖርዌጂያን ሲቆጭ ምን ያደርጋል? ኮርስ ይከፍታል! የአዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ጥንታዊው የሰሜን ሴቶች የደስታ ጩኸት፤ ሥልጠና ለጀማሪዎች»።

እኔና እትዬ የሺ ተመዘገብን። አስተማሪዋ የሱፍ ሹራብ የለበሰች ደግ ሴት ናት። በየተራ አስጮኸችን። ተራው እትዬ የሺ ጋ ሲደርስ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ለቀቁት።

አስተማሪዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፈገግ አለች።

«ጥሩ ሙከራ ነው» አለቻቸው። «ትንሽ የውጭ አገር ሰው ቅላጼ አለበት እንጂ። አይዞሽ፣ እዚህ ስትቆዪ ትለምጂዋለሽ።»