ጡሩንባዬን የዋጠው ላፕቶፕ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ጡሩንባዬ እኔን ሲነፋኝ አደረ። ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ገለበጠኝና ተረከዜን አፉ ላይ አድርጎ ነፋ። በእኔ አፍ በኩል «ጡ» የሚል ድምፅ ወጣ። ደረቅ ጡ ነው፤ ቁርስ ያልበላ ሰው ጡ።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት ምን በልቼ እንደተኛሁ ልናገር። የበላሁት ንዴት ነው።

እኔ የሰፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቼ በየደጁ እዞራለሁ፤ ሦስት ጊዜ ነፍቼ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቴ ሱራፌል ደግሞ በየሠርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስት ስላላገባ ግን እስከዛሬ «ያ ልጅ» እንለዋለን። ኪቦርዱ ብቻውን ዲዳ ነው። ብትነካው ጥርሱን ያሳይሃል እንጂ አይናገርም። ድምፁ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ በገመድ ሲያያዙ ነው አንዱ ለሌላው አፍ የሚሆነው።

«ይህን ሁሉ ተሸክመህ ከምትዞር አንድ ዋሽንት አትይዝም?» እለዋለሁ።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ እዚህ ውስጥ አርባ ዋሽንት አለ» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ማይክራፎን ይዞ መጣ። የጡሩንባዬን ድምፅ ላፕቶፑ ውስጥ ማስቀመጥ ፈለገ። ችግሩ፣ በእኛ ሰፈር ሰው ሳይሞት ጡሩንባ አይነፋም። ስለዚህ አልጋ ላይ ወጣሁ፤ ባለቤቴ የሺመቤት ሦስት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደረበችብኝ፤ ሱራፌል ማይክራፎኑን ከሥር አስገባልኝ፤ እኔም ላቤ እየተንጠባጠበ ነፋሁ። ውጭ አንድም ሰው አልሰማም። እሱ ግን ቀዳው፤ ከኪቦርዱ በግራ ጫፍ ያለችው የመጨረሻ ቁልፍ ላይም አስቀመጠው። አሁን ያቺን ቁልፍ ሲነካ እኔ እጮኻለሁ ማለት ነው።

ይህን የሰሙት የእድራችን ዳኛ አቶ ክንፈ፣ «ማንደፍሮ ጉልበቱ ደክሟል፤ ሱራፌል ከቤቱ ሆኖ በስፒከር ቢነፋልንስ?» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንም በእድርተኛው ፊት ነፍተን፣ የተሻለው ሊመረጥ ተቀጠረ። እሑድ ማለት ዛሬ ነው። እንግዲህ ይህን ይዤ ነው የተኛሁት።

እና ጡሩንባዬ እኔን ትከሻው ላይ አንግቶ ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ሦስት ተሳፋሪዎች አንድ ባጃጅ አዝለው አለፉ። ባጃጁ «ወራጅ አለ» ይላል፤ ማንም አልሰማውም። ገበያው ጋ ስንደርስ በጎች ሰው ይገዛሉ። አንድ ሙክት የሥጋ ሻጩን የአሰጋኸኝን ጀርባ በሰኮናው ዳበሰና «ይኼ ሥጋ የለውም፣ ወሬ ብቻ ነው» ብሎ ተወው። አሰጋኸኝ ቅር አለው።

ተገልብጦ የተተከለው የእድሩ ድንኳን ጋ ደረስን። ሸራው መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ካስማዎቹ ሰማይ ላይ ተመትተዋል። ካስማ የተመታበት አንድ ደመና «ኧረ ቀስ በሉ» ይላል። በአንድ በኩል ሠርግ ነበር፤ ሰዉ ሙሽሮቹን ከቦ ደረቱን ይመታል። በሌላ በኩል ቀብር ነበር፤ ሟቹ ከሳጥኑ ወጥቶ እንግዳ ያስተናግዳል። «ብሉ እንጂ፣ ምነው አፈራችሁ?» ይላል።

በሩ ላይ እማማ በለጡ ተቀምጠዋል። የእማማ በለጡን ሞት ባለፈው መስከረም የተናገርኩት እኔው ነኝ። መዝገብ ይዘው ስም ይጠራሉ። እኛ ከቀብር የቀረውን እንደምንመዘግብ፣ እሳቸው ደግሞ ከሞት የቀረውን ይመዘግባሉ።

«ማንደፍሮ» አሉ።

«አቤት፣ እማማ።»

«ለምን ቀረህ?»

«ከየት ነው የቀረሁት?»

«ከሞት ነዋ። ሰው ሁሉ መጥቷል። አንተ ሌላውን ትጠራለህ፣ ራስህ ትቀራለህ።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማማ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አሉና ስሜ አጠገብ ቀይ ጭረት አደረጉ። «በል ግባ፣ ፈተናህ ደርሷል።»

ውስጥ ላፕቶፑ ከረባት አስሮ በአቶ ክንፈ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አቶ ክንፈ በእጅና በእግራቸው ቆመው ጠረጴዛ ሆነውለታል። ጀርባቸው ላይ ሱራፌል ወገቡ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ሱራፌልን ከፈተው፣ ፊቱን አየው፣ መልሶ ዘጋው።

«ይኼ ሰውዬ ባትሪው ቶሎ ያልቃል» አለና የሱራፌልን አውራ ጣት ግድግዳው ላይ ሰካው።

በመሃል መብራት መጣ። ሰዉ ሁሉ «ኤጭ፣ ደግሞ መጣ» አለና ሥራ ቆመ። እስኪጠፋ ጠበቅን። ሲጠፋ ሁሉም ነገር መሥራት ጀመረ።

«ማንደፍሮ» አለኝ ላፕቶፑ። «እዚሁ በሰው ፊት ትጫወታለህ። ድምፅ ካወጣህ ጡሩንባ ነፊ ሆነህ ትቀጥላለህ።»

«ካላወጣሁስ?»

«ከእነዚህ ጋር ትነጠፋለህ።»

በእጁ ወዳሳየኝ ስዞር ኪቦርዱ ሰው ሆኖ አገኘሁት። እድርተኛው በሙሉ ጎን ለጎን በጀርባው ተኝቷል። ነጠላ የለበሱት ነጮቹ ቁልፎች ናቸው፤ ከል የለበሱት ጥቁሮቹ ደግሞ በየመሃሉ ከፍ ብለው ተኝተዋል። ሁሉም ሆዱን ሰጥቶ ይጠብቃል። አሰጋኸኝ ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይዟል።

«ቀስ ብለህ ንካኝ፣ ቁርስ በልቻለሁ» አለኝ።

ሆዱን በአንድ ጣቴ ጫን አደረግሁት። አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ደግሜ ጫንኩት። አፉን ይበልጥ ከፈተ፤ የወለቀች መንጋጋውን ቦታ ሳይቀር አየሁ። ድምፅ ግን የለም።

«ምነው አሰጋኸኝ?»

«እኔ ምን ላድርግ። ድምፃችን ያለው ላፕቶፑ ዘንድ ነው። የእኛ ሥራ አፍ መክፈት ብቻ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ድሮስ ምን ነበር?» አለችኝ ከጎኑ የተኛችው ከል ለባሽ።

ጠበቅን። ብዙ ቆየ። ከዚያ በዳገቱ በኩል አንድ ድምፅ ጃንጥላ ይዞ እያለከለከ መጣ።

«ሥጋ ሻጩን ነክታችሁ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ» አለና «ቧ» ብሎ ተቀመጠ።

«ምነው ዘገየህ?» አለው ላፕቶፑ።

«ገመዱ ጠባብ ነው። ከፊቴ ሠርገኛ ነበር።»

እሱ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ሌላ ድምፅ ተከትሎ ገባ። እኔ ግን ገና ሌላ ሰው አልነካሁም።

«አንተስ የማን ነህ?» አልኩት።

«ነገ ነው የምትነካኝ። ቶሎ መጥቼ ልረፍ ብዬ ነው» አለና ጥግ ይዞ ተኛ።

ላፕቶፑ ትዕግሥቱ አለቀ። ገመዱን ወደ እኔ ላከው። ገመዱ በራሱ ተነስቶ ዙሪያዬን አሸተተኝ። ጆሮዬን ሞከረ፣ ጠበበው። አፍንጫዬን ሞከረ፣ አስነጠሰኝ። በመጨረሻ እምብርቴን አገኘና ገባ። ላፕቶፑ አሰበ፤ ግንባሩ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ ቆመች።

«ይኼ መሣሪያ አይታወቅም» አለ።

«እንዴት አልታወቅም?» አልኩና ወደተኙት ዞርኩ። «ንገሩት እንጂ። ሃያ ሰባት ዓመት በየደጃችሁ የዞርኩት እኔ አይደለሁም?»

እድርተኛው አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ።

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ አሰጋኸኝ። «ፊቱን ግን እንጃ። እሱ ሁልጊዜ ከአጥር ውጭ ነው የሚያልፈው።»

«ስሙ ማን ነበር?» አለች ከል ለባሿ።

እርስ በርስ ተጠያየቁ። ከወዲያኛው ጫፍ እስከወዲህኛው ጫፍ ጥያቄው ሄዶ ተመለሰ። ማንም አላስታወሰም።

የሰፈሩን ሟች ሁሉ ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ የእኔን ማን ይጠራዋል? ጡሩንባዬን ጠየቅሁት።

«እኔ የምለው ጡ ብቻ ነው። ስሙን የምትለው አንተ ነበርክ» አለኝ።

«ይነጠፍ» አለ ላፕቶፑ።

«አንድ ቁልፍ ይቀረኛል» አልኩ። «በግራ በኩል፣ የመጨረሻዋ።»

ሄድኩ። ሩቅ ነበረች፤ ሁለት ቀበሌና አንድ ወንዝ አቋረጥኩ። ጫፍ ላይ ስደርስ ነጠላ ለብሶ፣ ሦስት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተደርቦበት የተኛው እኔው ራሴ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ አንኮራፋለሁ።

«ማንደፍሮ» አልኩት። አልሰማኝም።

ሆዱን ተጫንኩት። ዝም። እንደገና ተጫንኩት። ዝም። ሰባት ጊዜ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ላፕቶፑ ከሩቅ ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ሰባቱ ጡሩንባ በአንድ ላይ ወጣ። ደመናው ከነካስማው ወደቀ። እድርተኛው ሁሉ ብድግ አለና መዶሻ ይዞ ካስማውን እንደገና መምታት ጀመረ፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። እማማ በለጡ እስክሪብቶአቸውን ምላሳቸው ላይ አርጥበው መዝገቡን ገለጡ።

«በመጨረሻ መጣህ» አሉኝ።

ነቃሁ። ጓ፣ ጓው ግን አልቆመም።

የሺመቤት ቅዳሴ ሄዳለች። ጋቢዬን ደርቤ፣ እሷ ስትወጣ በእንቅልፍ ልቤ ከውስጥ የቀረቀርኩትን በር ከፈትኩ። ግቢዬ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ አልተገለበጠም፣ እንደ ወጉ ነው። አሰጋኸኝ የመጨረሻውን ካስማ በመዶሻ ይመታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አቶ ክንፈ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ሲመጡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው። እኔ ሳልነፋ ሰው መሞቱ ገርሞኝ ነበር።

አግዳሚውን ቀስ ብለው መሬት አስነኩት። «አንተ ነህ» አሉኝ።

«እኔ?»

«ጡሩንባ ተነፋ፣ ስም የሚጠራ ጠፋ። ስሙ ሳይጠራ የሚሞት ከጠሪው ሌላ ማን አለ? መጥተን አንኳኳን፣ ዝም አልክ። ደግሞ ሰባት ጊዜ ነው የተነፋው። መጀመሪያማ ትልቅ ሰው መስሎን ነበር።»

ሱራፌል ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ገመዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ መጣ። ለዛሬው ፈተና ስፒከሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲሞክር ነው ነገሩ የሆነው።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ ይቅርታ። ስነካው ዝም አለኝ። ያልሠራ መስሎኝ ደጋገምኩት። ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ።»

«ድምፁ ዘግይቶ ነው የመጣው?»

«አዎ።»

«ጃንጥላ ይዞ ነበር?»

ያተኮሰኝ መስሎት ግንባሬን ነካ።

የሺመቤትን እንዲያረዳ ቤተ ክርስቲያን ሰው መላኩን ያን ጊዜ ነገሩኝ። አቶ ክንፈ ወደ ሱራፌል ዞሩ። «በል ቶሎ ንፋ። አልሞተም በል።»

«አልሞተም የሚል ድምፅ የለኝም» አለ ሱራፌል። «ያለኝ ጡ ብቻ ነው።»

አቶ ክንፈ ላፕቶፑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ማንደፍሮ፣ ጡሩንባህን አንሳና ዙር። ፈተናው አልቋል» አሉ።

ከአጥሬ ሳልርቅ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። «ማንደፍሮ አልሞተም፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብዬ የገዛ ስሜን በገዛ አፌ ጠራሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጦቢያ ማማሰያ እንደያዘች ወጣች።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ቀብር የለም። አልሞትኩም ነው የምለው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ንፍሮው እኮ በስሏል» አለች።

ገብታ አንድ እፍኝ አምጥታ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ ቀመስኩት። ጨው ጎድሎታል።