ያላየሁት ድልድይ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ተወልዳችሁ ባደጋችሁበት ከተማ ውስጥ ስንት ድልድይ አለ? ወንዙስ ከየት ተነስቶ የት ይገባል? አያችሁ፣ ዝም አላችሁ! እናንተ ዝም ብትሉ ግን ምንም አይመጣባችሁም። እኔ የተጠየቅኩት መልሴን ከምትጽፍ ፈረንጅ ፊት ተቀምጬ ነው።

ጊዜው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። አገሬን ለቅቄ ዙሪክ ገባሁና ከከተማው ዳር ዲቤንዶርፍ የምትባል ቦታ፣ አንድ የስደተኞች ቤት ውስጥ አልጋ ተሰጠኝ። የክፍል ጓደኛዬ ኦርሃን የሚባል ቱርክ ነበር። ሁለታችንም ኢንተርቪው እንጠብቃለን። ኢንተርቪው ስላችሁ የሥራ እንዳይመስላችሁ! ከዚያ ከተማ ነኝ ካልክ፣ ከዚያ መሆንህን አስረዳ ነው ነገሩ። ገበያው ምን ቀን ይውላል? ተራራው በየት በኩል ነው? ከተሳሳትክ ውሸታም ትባላለህ፤ ውሸታም ከተባልክ ፐርሚት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ የለም፤ ሻንጣህን ታዘጋጃለህ።

ኦርሃን ይህን ከሰማ ወዲህ ምሳ እንደበላን ወረቀት ያስይዘኝና "ጠይቀኝ!" ይላል። በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛችን እጠይቀዋለሁ። ወይ ጉድ! ሰው ከተማውን እንዲህ አድርጎ ያውቃል? በሰሜን በኩል እስከ ሰኔ በረዶ የማይለቀው ተራራ አለ። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በላዩ ላይ አንድ የጥንት ሱልጣን ያሠራው ባለ ሰባት ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ። ጭቃው በእንቁላል የተቦካ ነው አሉ። ያኔ የከተማው ሴት በሙሉ እንቁላል አዋጥታለች፣ ዶሮ የሌላት ከጎረቤት ተበድራ። ገበያው ማክሰኞ ነው። በጋ ላይ ጣሪያው ሁሉ አፕሪኮት የሚሉት ፍሬ እንዲደርቅ ተሰጥቶበት ብርቱካንማ ይሆናል። በመከር የወይን ጭማቂ በትልልቅ የመዳብ ድስት ሲፈላ፣ መንገደኛ እንኳ ሳይቀምስ አያልፍም።

እኔን አፌን ያስከፈተኝ ግን የሻይ ቤቱ ወግ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ይቀመጥበት የነበረው ወንበር አርባ ቀን ባዶውን ይቆማል። አንድ መዳብ ቀጥቃጭ ነበር አሉ፤ እሱ ሲሞት አርባው ቀን አልፎም ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም። ይህን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ የማላውቀው ሰው ናፈቀኝ።

"አንተስ አትለማመድም?" ይለኛል ኦርሃን። የገዛ አገሬን? ምን ቆርጦኝ!

ቀኔ ደረሰ። ፈረንጇ ጠያቂ፣ ከጎኗ ሐበሻ አስተርጓሚ፣ እኔ ደግሞ ያለኝን አንድ ኮት ለብሼ። "ከተማህ ውስጥ ድልድይ አለ?" አለችኝ።

"አለ! ባለ ሰባት ቅስት!"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የእኔ ከተማ ከደሴ አለፍ ብላ ያለች ሚጢጢ ናት። ወንዛችንን ሱሪያችንን ሰብስበን ነው የምንሻገረው። አስተርጓሚዋ ትክ ብላ አየችኝና እንዳለ ተረጎመችው። ፈረንጇ "ሰባት?" ብላ ደገመችው። ሻንጣዬ ታየችኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኼኔ ነው።

"ይቅርታ" አልኩ፣ "ድልድዩ የእኔ አይደለም። የኦርሃን ነው።"

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ወረቀቱን፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ጥናት፣ እንቁላሉን ሳይቀር። ሴትየዋ አልሳቀችም። ብዕሯን አስቀምጣ "እሺ፣ ከራስህ ቤት እስከ ገበያው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?" አለችኝ።

"ሰው ካገኘሁ አንድ ሰዓት፣ ካላገኘሁ አስር ደቂቃ።"

"እንዴት?"

እንዴት ማለት ምን ማለት ነው? ወሎ እኮ ነው! ከበር እንደወጣሁ ልብስ ሰፊው አሉ፤ የእናቴን ወገብ ሳይጠይቁኝ አያሳልፉኝም። ቀጥሎ ሼህ አሊ፤ ቆሜ ካልተመረቅኩ ይቀየማሉ። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ዓይናቸው የደከመ ባልቴት፣ በኮቴዬ አውቀውኝ እንኳ "የማን ልጅ ነህ?" የሚሉ። በር በበር ስቆጥር፣ ያላጠናሁት ከተማ እንዳለ ተነስቶ መጣልኝ። እንባዬም መጣ። አስተርጓሚዋም አፍንጫዋን ጠረገች። ከወራት በኋላ ፐርሚቱ ደረሰኝ።

ኦርሃንም ተሳካለት። ጄኔቭ ሄዶ ካሩዥ የሚባል ሰፈር ውስጥ ዳቦ ጋገራ ያዘ። ከዓመታት በኋላ እናቱ፣ እማማ ፋትማ፣ ሊጠይቁት መጡና እኔም ከዙሪክ በባቡር ከነፍኩ። ሻይ ቀረበ። ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቅኳቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? "የመዳብ ቀጥቃጩ ወንበር ላይ አሁን ማን ተቀመጠ?" ኦርሃን ተረጎመላቸው።

ሴትየዋ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ነገር አሉ። ኦርሃን ሳቀ። "'የማን ልጅ ነህ?' እያለችህ ነው።"

ኢትዮጵያዊ መሆኔን ቢነግራቸው እሱኑ ተቆጡት። ቀልቶ ተረጎመልኝ፤ "'አንተ ዝም በል፤ በስድስት ዓመትህ ከከተማው ወጥተህ ምን ታውቃለህ? ሁሉን በስልክ የነገርኩህ እኔ አይደለሁ?' ትላለች።"

ለካ እሱም ከተማውን ያጠናው እንደኔው ዲቤንዶርፍ አልጋው ላይ ሆኖ ነው! አንድ ከተማ ከነተራራው፣ ከነሟቾቹ በስልክ ያሻገሩትን ሴትዮ እጅ ተነስቼ ሳምኩ። ለማስደሰት ብዬም ሰባት ጣቴን አውጥቼ "ድልድዩስ?" አልኳቸው።

እማማ ፋትማ አንዷን ጣቴን ቀስ አድርገው አጠፏት። ስድስት።

"ሰባተኛውስ?" ብሎ ጮኸ ኦርሃን።

"ልጄ ፈረንጅ ፊት ሲቆም" አሉ፣ ሻያቸውን እያነሱ፣ "በስድስት ቅስት ልስደደው?"