የግማሽ ጥማድ ስለት

እኛ አገር «እንዴት ነህ?» ተብሎ «ክፉ ነኝ» ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥርሱን ያመመውም፣ ጎተራው የተራቆተውም፣ ከሚስቱ ጋር የተኳረፈውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ደግ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። እኔ ራሴ በዚህ በኩል የምታማ ሰው አይደለሁም፤ እንቅፋት ሲመታኝ እንኳ «ተመስገን፣ ጥፍሬን ብቻ ነው» እላለሁ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ምስጋናውን ሁሉ ወደ ላይ መላክ የለመደ አንገት ወደ ጎን መዞር ያቅተዋል። ይህን ያወቅሁት በበሬዬ ምክንያት ነው።

በሬዬ ዳልቻ ይባላል። አንድ ነው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም፤ ገበሬ ለሆናችሁት አልነግራችሁም፣ ከተሜዎቹ ግን እወቁልኝ። ስለዚህ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የምንኖር ባለ አንድ በሬዎች እንቀናጃለን። የእኔ ዳልቻና የጎረቤቴ የሰይድ ቡሬ በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን ማሳ ያርሳሉ። መቀናጆውን ከአባቶቻችን ነው የወረስነው፤ በሬው ይለዋወጣል እንጂ ጉርብትናው ያው ነው።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ ሸሸሁ። ዳልቻን ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ዳገቱ ላይ ቆም ብዬ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዞርኩና «ቅዱስ እስጢፋኖስ ሆይ፣ በሬዬን በሕይወት ካገኘሁት ለደጅህ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ልብ በሉልኝ፤ በሬው እንዲተርፍልኝ በሬውን ሰጠሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ!

ሰይድ አልሸሸም። እናቱ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ጥሏቸው ወዴት ይሄዳል? እኔ ስመለስ በመንደሩ የከብት ድምፅ አይሰማም፤ ታጣቂው ያገኘውን ሲያርድ ነው የከረመው። ዳልቻ አበቃለት ብዬ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሰይድ ሐይቁ ዳር ካለው ጥሻ ውስጥ ሁለቱንም በሬዎች እየነዳ ብቅ አለ። ከስተዋል፤ ግን ቆመው ይሄዳሉ። ለካ እንጨት ለቀማ የሚሄድ እየመሰለ ድርቆሽ ሲያመላልስላቸው ኖሯል። አንድ ቀን ታጣቂዎቹ ጠርጥረው ይዘው ገርፈውታል፤ አልተናገረም። እኔ መሬት ላይ ተደፋሁና «እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ። ደግሜም አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ስለቴን ነገርኩት።

ሰይድ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቀንበር አየና፣ «ኸይር ነው። ስለት ከሆነ ምን ይባላል?» አለ።

እርሻ ደርሶ ነበር። በመንደሩ ለቡሬ የሚቀናጅ ሌላ በሬ አልቀረም። እኔስ ደሴ ያለችው ልጄ ትረዳኛለች፤ ዳልቻ ሄደ ማለት ግን ሰይድና እናቱ የዚያን ዓመት እህል አያገኙም ማለት ነው። ይህን አላወቅሁም ብዬ አልዋሻችሁም። አውቅ ነበር። ግን ከጎረቤት ይልቅ ታቦት ያስፈራል።

በማግስቱ ዳልቻን እየነዳሁ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወረድኩ። የገዳሙ በር ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አገኘሁና ታሪኩን በኩራት ተረክሁላቸው።

«ማን ጠበቀልህ?» አሉ።

«እግዚአብሔር፣ አባ።»

«እሱማ አዎ። በማን እጅ?»

«በጎረቤቴ በሰይድ።»

«ሰይድንስ ምን አልከው?»

አሰብኩ። እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ፤ እስጢፋኖስን አመስግኛለሁ፤ መሬቱን ስሜያለሁ። ለሰይድ የነገርኩት በሬውን እንደምወስድበት ብቻ ነው። አፈርኩ።

«ግማሽ ጥማድ ስለት አይሆንም፣ ልጄ» አሉ አባ። «ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘንድሮ የሚያርሰው ማሳ የለውም፤ ሰይድ ግን አለው። መልሰውና እረሱ። ስለትህን እህሉ ሲደርስ በጤፍ ታገባለህ። እሱ እንደሆነ አይቸኩልም።»

ስመለስ ሰይድ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ በዶማ ይቆፍራል። ያን ሁሉ መሬት በዶማ! አጠገቡ ስደርስ «በሬው በአንተ ነው የተረፈው፤ እስካሁን አላመሰገንኩህም፤ ይቅር በለኝ» ልለው ነበር፤ ግማሹን እንዳልኩ እንባ ቀደመኝ።

ሰይድ ዶማውን ጣለ። «አብሽር! አልሐምዱሊላህ በልና አሁን ቀንበሩን አምጣ» አለኝ።

አረስን። እኔ ጤፍ፣ እሱ ማሽላ ዘራን፤ ሁለቱም ያዘ። ጤፌን እንደወቃሁ ለስለቴ አንድ ጆንያ ሰፍሬ አስቀመጥኩ። ሰይድ አህያውን አምጥቶ ጆንያውንም ራሱ ጫነልኝ፤ እኔ ለመንገድ ስንቅ ልይዝ ቤት ገብቼ ነበር። ገዳሙ ደርሼ ሳወርደው ጆንያው እኔ ከሰፈርኩት በላይ ከበደኝ። «ተመስገን ጌታዬ! አዩልኝ አባ፣ በረከት ወርዶበታል!» አልኩ፣ ዓይኔን ወደ ሰማይ አንጋጥጬ።

አባ ጆንያውን ፈትተው ወደ ጎታው ሲገለብጡት ጤፉ ፈሰሰ፣ ፈሰሰና ከመካከሉ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ዱብ አለ። ፈቱት። ማሽላ ነው።

እኔ ማሽላ አልዘራሁም።

አባ ማሽላውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ይህንንስ ማን ሰጠህ?» አሉኝ። አንገቴ ለምዶበት ወደ ላይ ሊቀና ሲል ያዝኩትና ወደ አርዲቦ አዞርኩት።